ቀለም የጠላው እጅ

እጄ መላጥ የጀመረው ከጣቶቼ መሐል ነው። መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ። ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ከታናሽ እህቴ ጋር የሴቶች ጸጉር ቤት አለን፤ ቀለም መቀባት የእኔ ሥራ ነበር። ደንበኛ ሽበቷን ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ጥቁሩን በጥብጬ እቀባታለሁ። እጄ ሲቆስል ምች ነው አልኩና ዳማከሴ አሸሁበት። ምንም አልተሻለኝም። ርካሽ የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ሞከርኩ፤ እሱ ጭራሽ እስከ አንጓዬ አሳበጠኝ።

በመጨረሻ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ኮልፌ ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነው ያደግኩት። ሥጋ ደዌም ሌላው የቆዳ በሽታም የሚታከመው እዚያ ስለሆነ፣ ለብጉርም ይሁን ለፎረፎር የሄደው ሁሉ ሥጋ ደዌ ይዞት ነው ይባላል። ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ከታክሲ ወረድኩ። ሌባ እመስል ነበር።

ሐኪሟ እጄን አገላብጣ አየችና ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ጥቁሩ ቀለም ነው» አለች። «ሰውነትሽ ጠልቶታል፤ አንዴ ከጠላው ደግሞ አይታረቅም። ጓንቱም ላስቲኩ አልተስማማሽም።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ሌላ ሥራ ብትፈልጊ ይሻላል።»

ክፋት አልነበረባትም። ግን ሌላ ሥራ ከሱቅ የሚገዛ ይመስል እንዲያ ስትለኝ ተናደድኩ። ደስ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም አለችኝ። ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ ብዬ ለመንኳት። ቀለሙን ለእህቴ ትቼ፣ ጸጉር መጠቅለሉንና ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ማስገባቱን እንኳ ባላጣ ብዬ ነበር።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ለጠፍኩት። እህቴ «ተይ፣ ማን ጠየቀሽ?» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሰው እውነቱን አንብቦ ይረጋጋል ብዬ አስቤ፤ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ። እስከ መጨረሻው ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ ከላይ የሆስፒታሉን ስም አዩና በቃ። ስለ እጄ ምንም ያልሰሙት ሳይቀሩ ሰሙ። የዓመታት ደንበኛዬ የሆነች ሴትዮ «ዛሬ እህትሽ ትሥራኝ፣ አንቺ ደክሞሻል» አለችኝ። ጠዋት ነበር፤ ገና አንድም ጸጉር አልነካሁም። በሳምንቱ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ያወቀው ግን አውቋል።

እናቴ አለችልኝ እል ነበር። ሐኪሟ ያለችኝን የነገርኳት ቀን፣ የቆሰለ እጄን በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ጸልያልኛለች። የጎረቤት ሠርግ ደረሰና ሽበቷን ልትቀባ መጣች። ቀለሙን እህቴ በጠበጠች። እኔ ፎጣውን አንገቷ ላይ ላደርግላት ተጠጋሁ።

አንገቷን ሸሸት አደረገችው። መስታወቱ ውስጥ ዓይናችን ተጋጨ።

«እጅሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ» አለች።

ፎጣ እጅ አያሳምምም፤ እሷም ታውቀዋለች። ፎጣውን ለእህቴ አቀበልኳት። እህቴ ተቀበለችኝ፣ አጣጥፋ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ከመሳቢያው ሌላ ፎጣ አወጣች።