በመርፌ የተፈተነ አምፖል

ባለሱቁ አዲሱን አምፖል ጠረጴዛው ላይ አብርቶ ቢያሳያትም ለሴትየዋ አልበቃትም። አሮጌ ግን ልክክ ብሎ ከተሰፋው ኮቷ ኮሌታ ላይ መርፌ ነቀለች፤ ጥቁር ክር በከንፈሯ አርጥባ ብርሃኑ ሥር ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና እኮ አለው።»

«የኔ ዋስትና ዓይኔ ነው» አለችና ክሩን ባንዴ አሾለከችው። «ከድሮው ጋር ሲተያይ ስንት መብራት ይበላል?»

«የዚያን ሩብ እንኳ አይበላም።»

«እሱን ካርቶኑ ላይ ጎላ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ባሌ ያነበዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ እጅጌ ሳልጨርስ 'መብራቱን ፈጀሽው' እያለ ሲያጠፋብኝ ኖሯል። እስቲ አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው!»

ባለሱቁ እየሳቀ በትልልቁ ጻፈላት። እሷ ግን አልሳቀችም። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ተመለሰች።

«ማብሪያ ማጥፊያም ስጠኝ፤ ከአምስት ሜትር ሽቦ ጋር።»

«ግድግዳው ላይ ያለው ተበላሸ እንዴ?»

«ምንም አልሆነ። ግን ከባሌ ወንበር አጠገብ ነው ያለው።» መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ መልሳ ሰካች። «ይሄኛው የሚገጠመው ስፌት መኪናዬ ላይ ነው፤ እዚህ፣ ከቀኝ እጄ ሥር።»