ከግሩፑ ያስወጣኋት ሴት

ጅቡቲ በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራውም የማድረውም ሄሮን የሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካለው የማዳም ቤት ነው። ዓርብ ግን የራሴ ቀን ናት። ከሰባት የአገሬ ልጆች ጋር ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ዓርብ ዓርብ እዚያ እንሰበሰብ ነበር። ፀጉር እንሠራራለን፣ አብስለን እንበላለን፣ ደክሞን ከሆነም እንተኛለን።

በስልክም ግሩፕ ነበረን። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሥራ ሲገኝ፣ አንዷ ስትታመም፣ ከቤት የተባረረች ማደሪያ ስትፈልግ እዚያ ላይ ይነገራል። ከመቶ በላይ ሴቶች ነበርን።

እሷንም ወደ ግሩፑ ያስገባኋት እኔው ነኝ። ሆዳን ሰፈር አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ልጆች ትጠብቅ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ክፍላችን ትመጣለች። ብዙ አታወራም፤ ሰው ሲታመም ግን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ወባ የጣለኝ ጊዜ ሁለት የዕረፍት ቀኖቿን ራስጌዬ ቁጭ ብላ አሳልፋለች።

ጦርነቱ ሲጀመር እናቷ ያሉበት አካባቢ ስልክ ተቋረጠ። የእኔ ታናሽ ወንድም ደግሞ ዘመተ። መጀመሪያ ላይ ስለ ጦርነቱ አናነሳም ነበር። ከዚያ አንድ ዓርብ አንዷ ልጅ ከስልኳ ላይ ከተማ ተያዘ የሚል ዜና አሰማችን። እልል አልን። እሷ ጥግ ላይ ሳህን ታጥብ ነበር፤ ቀና አላለችም።

"አንቺ ደስ አላለሽም?" አልኳት።

"ሰው ሞቶ ምን ደስ ይለኛል?"

"የሞተው ጠላት ነዋ!"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። "ወንድምሽ በደህና እንዲመለስልሽ በየቀኑ እጸልያለሁ። ጦርነቱ ግን ልክ ነው ብዬ ላስደስትሽ አልችልም። አንቺ ልክ ነው የምትዪበትን ንገሪኝ፣ እሰማሻለሁ።"

ልትሰማኝ ዝግጁ ነበረች። እኔ ግን የምነግራት ነገር አልነበረኝም፤ የነበረኝ ንዴት ብቻ ነው። "እናንተ ድሮም አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ናችሁ" አልኳት።

"እናንተ የምትዪው ማንን ነው? እዚህ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

ሳህኖቹን አጥባ ጨረሰች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ "ደህና ዋሉ" ብላ ወጣች።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ፣ በሁለቱም ወገን የሚሞተው የእናት ልጅ ነውና ለሰላም እንጸልይ ብላ ጻፈች። ስድቡ ወረደባት። አንዷ "ይቺ ሰላይ ናት፣ አስወጪልን" አለችኝ። ሰላይ አለመሆኗን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አስወጣኋት። ወዲያው ልብና ጭብጨባ ተላከልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ለማዳም ዓሣ እየጠበስኩ ስልኬ ጠራ። ስሟን አየሁ። ልትሟገተኝ ነው ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው ጠቅላላ አጠፋሁት።

ጦርነቱ ቆመ። ወንድሜ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ካርቲየ 4 ለጉዳይ ሄጄ ሳምቡሳ ልገዛ አንዲት ሶማሌ እናት ደጃፍ ላይ ቆምኩ። መጥበሻው አጠገብ ሆና በሶማልኛ እየተጫወተች የምትጠብሰው እሷ ናት። ከስታለች። አየችኝና ጭልፋውን አስቀመጠች።

"ወንድምሽስ?" አለችኝ። ከሰላምታ በፊት።

"ገብቷል። እግሩን ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው።"

"ተመስገን" አለች፤ ከልቧ ነበር።

እኔ ስለ እናቷ አልጠየቅኳትም። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር፤ መልሱን ፈራሁት። ሳምቡሳዬን በወረቀት ተቀብዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ገበያ ወጥታ አልነበረችም። ሶማሌዋ እናት በዐረብኛና በተሰባበረ አማርኛ ነገሩኝ። አሠሪዎቿ በድንገት አገራቸው ሲገቡ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ደውላ የሚያነሳላት ስታጣ ክፍላችን ድረስ ሄዳ ነበር፤ ቀኑ ማክሰኞ ስለሆነ ተቆልፏል። በሩ ላይ ስታለቅስ ሴትዮዋ አግኝተዋት ቤታቸው ወሰዷት። የአገር ቤት ስልክ ሲከፈት ደግሞ እናቷ ከሞቱ ስምንት ወር እንዳለፋቸው ሰማች።

"ጓደኞች የላትም?" አሉኝ ሴትዮዋ። ማን መሆኔን አላወቁም።

ግሩፑ ላይ ለቅሶ እንድረስ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉ ሴት ሁለት መጡ። በሶማሌዋ እናት ቤት ምንጣፍ አንጥፋ ተቀበለችን፣ ውሃ ቀዳችልን። ሁለቱ ተሰናብተው ሲወጡ እኔ ቀረሁ።

"ስትደውዪ አይቼ ነው ያላነሳሁት" አልኳት።

"አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ስታጠፊው ገባኝ።"

"ይቅር በዪኝ።"

የምንጣፉን ጫፍ አስተካከለች። "በጦርነቱ ነገር አንቺም እንደ ሐሳብሽ፣ እኔም እንደ ሐሳቤ። ዛሬም አልስማማሽም፤ በዚያ ግን ተቀይሜሽ አላውቅም። ሰላይ ስባል እንዳልሆንኩ እያወቅሽ ዝም አልሽ። እሱ ነው ያልወጣልኝ።"

ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝም። እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝና ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ ግሩፑ ላይ "ሰላይ አልነበረችም። ያን ጊዜም አውቅ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ጥቂቶች ልብ ላኩ። አንዷ "አሁን ይሄ ምን ይፈይዳል?" አለች። እውነቷን ነው።

መጻፌን ለእሷ አልነገርኳትም። ብነግራት ምስጋና የምጠብቅ መሰለኝ። አንዳንድ ዓርብ ግን እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የሳምቡሳውን ሊጥ አብሬያት እዳምጣለሁ። አንዳንዴ ስለ አገር እናወራለን፣ አንዳንዴም እንጨቃጨቃለን። እኔ አሁን እስክትጨርስ አዳምጣታለሁ። እናቷን የሚያነሳ ነገር ሲመጣ ግን ዛሬም ቀና ብዬ ላያት አልችልም።