በጥቁር ፔጆ ላይ የደረቀ ፖሊሽ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ አራት ወይ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከወታደርነት ተበትኜ ያገኘሁትን ስሠራ ቆየሁና፣ ነፋስ ስልክ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ዕድሜዬ ያኔም አርባን አልፏል።

በመጀመሪያው ቀን ባለጋራዡ ጋሽ ወርቁ ባልዲና ስፖንጅ ሰጡኝ። «ከላይ ወደ ታች ታጥባለህ። ጎማ የነካ ጨርቅ ቀለም አይነካም። ፖሊሽ የሽኩር ሥራ ነው፤ አንተ እንዳትነካ። ለጊዜው ለሙከራ ነህ» አሉኝ። ወታደር እንደነበርኩ ሲሰሙ ሠራተኞቹ በዚያው ቀን ባሻ አሉኝ፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

ፋሲካ አልፎ ሚያዝያ ላይ አረፋ ደረሰ፤ ሽኩርም ለበዓሉ አገር ቤት ወረደ። በዚያው ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ በቀለ የሚባሉ የሰፈሩ ሰው ጥቁር ፔጇቸውን ይዘው መጡ። ጥቁር ልበል እንጂ ነጭ ሆናለች።

«ምነው በቀለ፣ ወፍጮ ቤት አድራ ነው የመጣችው?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

አቶ በቀለ አልሳቁም። «ሐሙስ በማለዳ ዙሪያዋን ፖሊሽ ቀባኋት። ሳልጠርጋት የዕድር ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተካይ ነኝ፣ እንዴት ልቅር? ትናንት ደግሞ ቀብር ዋልኩ። ይኸው ሁለት ቀን ፀሐይ መታት። በኦሞ ስፈትጋት ጭራሽ ባሰባት። ነገ ልጄን የምድረው በሷ ነው።»

የመኪናዋን ቀለም ባለፈው ወር የቀቡት ራሳቸው ጋሽ ወርቁ ናቸው። በጣታቸው ዳሰሷትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቲነር ከነካት ቀለሙም አብሮ ይወጣል። ባሻ፣ አንተ ያዛት።»

«ፖሊሽ አትንካ ብለውኝ የለም?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለ? ግን ቀለሟን ከጫርከው ሰኞ እንዳትመጣ።»

በደረቅ ጨርቅ ጀመርኩ። ዱቄቱ ትንሽ ረገፈ፤ የቀረው እንደ ኖራ ይዟል። ጉልበት ጨመርኩ። ከፊት መብራቱ በላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት ታየችኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ቤቴ ውስጥ ሚስቴና ልጆቼ፣ አባታችን ሥራ ያዘ ብለው ገና መደሰታቸው ነበር።

ለጋሽ ወርቁ «መጣሁ» ብዬ በእግሬ ወደ ጎፋ ሄድኩ፤ የሽኩር ቤት እዚያ ነው። ሚስቱ ፈትያ እርጉዝ ስለሆነች የአገር ቤቱ መንገድ ይከብዳታል ብሎ ትቷት ነበር የሄደው። ከባሏ ያየችው ዘዴ ካለ ብዬ ነው። የሆነውን ነገርኳት። ሳቀች።

«የኔም ቡፌ እንዲሁ ሆኖ ነበር» አለች። «ከሽኩር ፖሊሽ ቆንጥሬ ቀባሁት፣ ጎረቤት መጣችና ስናወራ ደረቀ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ይቀቡበት ባሻ፤ አሮጌው ይለሰልሳል።»

«ፖሊሽ በፖሊሽ?»

«ታዲያ በምን ይልቀቅ? በዱላ?»

አላመንኩም። ፊቴን አየችና ነጠላዋን አነሳች። የሽኩርን አሮጌ ካናቴራዎችም ይዛ ተከተለችኝ። «መኪናዋ ብትበላሽ ሲመጣ የሚነዘንዘው እኔን ነው» አለች።

ጋራዡ እንደደረስን የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ከፀሐይ አውጧት።» ገፍተን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስገባናት። ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቀችን።

«አሁን የመዳፍዎን ያህል ብቻ ይቀቡ። በቃ። ይጥረጉት፣ ሳይደርቅ። ጨርቁን ይገልብጡ እንጂ፤ በቆሸሸው አይመለሱ።»

ጠረግኩ። ነጩ ነገር ከካናቴራው ጋር መጣ። ከሥሩ የመዳፍ ያህል ጥቁር ወጣ፣ የጣራው ቆርቆሮ የሚታይበት ጥቁር። አቶ በቀለ ጎንበስ ብለው አዩና እዚያው የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ባሻ፣ እንግዲህ አዛዥህ ይቺ ናት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«አቤት» አልኩ። ፈትያም ሳቀች፣ አቶ በቀለም ያን ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ መዳፍ በመዳፍ ሄድኩ። በበሩ ክፍተትና በመብራቱ ዙሪያ የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ አለቀች። ጋሽ ወርቁ ዙሪያዋን እያዩ መጥተው ከፊት መብራቱ ጋ ቆሙ። ጭረቷን ጠዋት አይተዋት ኖሮ በጥፍራቸው ፈለጓት።

«እዚህ ጭረት ነበር?»

«ነበር» አልኩ።

«የደረቀው ፖሊሽ ላይ ነው የነበረው፤ ቀለሙ ደህና ነው። ሰኞ በጊዜ ና።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ አጠረኝ። በማግስቱ መኪናዋ ሪባን አስራ በጋራዡ በር ስታልፍ አቶ በቀለ ሆን ብለው ጥሩምባዋን ነፉልን አሉ፤ እኔ እሑድ ስለሆነ አልነበርኩም። በኋላ ሽኩር ተመልሶ ሥራውን ደህና አድርጎ አስተማረኝ፤ ጋራዡን እስክለቅ በፖሊሽ ሠሪነት ኖርኩ።

የደረቀ ፖሊሽ በጉልበት አይለቅም። መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ፣ በላዩ አዲስ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ መጥረግ ነው። ይህን ያሳየችኝ የሽኩር ሚስት ፈትያ ናት።