ሀዋሳ ላይ ዘግይቼ የደረስሁት ለቅሶ

የበደለኝ ልጄ ብሩክ ነው፤ የበደለኝም በኮሮናው ዓመት፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ነው። ታላቅ እኅቱ ሰብለ ሀዋሳ ላይ በበሽታው ስትሞት እኔ ደብረ ብርሃን ነበርሁ። ብሩክ እዚያው ሀዋሳ አስተማሪ ነው፤ እሱ ቀበራት። ለእኔ ግን አልነገረኝም። እሁድ እሁድ እየደወለ «ሰብለ ጉሮሮዋን አሟታል፣ ድምፅ የላትም፣ ሰላም ትልሻለች» ይለኝ ነበር። ጉሮሮ ከሆነስ ብዬ ገብስ ቆልቼ በሶ አስፈጨሁ፤ በጣሳ ሞልቼ፣ አፉን በነጭ ጨርቅ አስሬ፣ ጭነት በሚያመላልስ ሾፌር ላክሁላት። በሚቀጥለው እሁድ «ጣፍጧታል» አለኝ። መርዶውን የሰማሁት መንገዱ ተከፍቶ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ በሬን ሲያንኳኩ ነው። አርባዋም ሰማንያዋም አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብሩክን አላናገርሁትም። ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን ድረስ መጣ፤ በር አልከፈትሁለትም። ስልኩንም አላነሳሁም። ዘንድሮ ግን ግራ ዓይኔ ይጋረድ ጀመር፤ ሐኪሙ ሞራ ነው አለኝ። የልጄን መቃብር ሳላይ እንዳልጨልም ፈራሁ። ሌላም ሐሳብ ነበረኝ። የከለከለኝን ለቅሶ ደጁ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ላለቅሰው ነበር። አንገቱን ሲደፋ ማየት ፈልጌ ነበር። መምጣቴን አልነገርሁትም፤ ቤቱን የሚያውቅ ዘመድ ጠይቄ ተነሣሁ።

ከቃሊቲ እስከ ባቱ

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ በጠዋት ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስሁ። ረዳቱ «ሀዋሳ! ሀዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ገብቼ ሳይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

«አንድ ሰው ያልኸው የቱ ነው?» አልሁት።

«እርስዎ ነዎት እማማ። ሌሎቹ እየመጡ ነው።»

ስንነሣ ረፍዶ ነበር። አጠገቤ ሻሸመኔ ልብስ የምትነግድ ሴት ተቀመጠች። ጥቁር ልብሴን ዓይታ ለለቅሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ ለሴት ልጄ።»

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፈች?»

«በኮሮና።»

ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው መልሳ የተናገረችው። «እኔም አባቴን ያኔ ነው የቀበርሁት። ስድስት ሰው ሆነን። እናቴ እስከ ዛሬ ‹አባትሽ እኮ አልተለቀሰለትም› ትላለች። ይኸው ሰው ባገኘች ቁጥር ከአዲስ ትጀምራለች።»

እኔ ሙሾዬን በልቤ እየደጋገምሁ ነበር።

መቂ ላይ የቀይ ሽንኩርት ጆንያ እንደ አጥር ተደርድሯል፤ የቲማቲሙ ሳጥን አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ባቱ ላይ፣ እኔ ዛሬም ዝዋይ የምለው ከተማ፣ ለምሳ ወረድን። የዓሣ ጥብስ በሎሚና በአዋዜ አቀረቡልን። ዓሣው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን የበሬ ነው። ሰብለ ሥራ ይዛ የመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሀዋሳ ስትወርድ እዚህ ቤት መብላቷን ነግራኝ ነበር፤ ወይም ይህን የመሰለ ቤት። ግማሹን ትቼ ተነሣሁ።

ሻሸመኔ

ከላንጋኖ ወዲህ ሜዳው ግራር ነው፤ ከብት አስፋልቱ መሐል ቆሞ ሾፌሩን ይመለከታል። ሻሸመኔ ስንደርስ ነጋዴዋ ዕቃዋን ሰብስባ ወረደች። ከመስኮቱ ሥር ቆማ «እናቴ፣ ልጅ ካለዎት አብረው ያልቅሱ፤ ብቻዎን አያልቅሱ» አለችኝ። ሳልጠይቃት መምከሯ ደስ አላለኝም። ከዚያ ሀዋሳ ቅርብ ናት፤ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ በስተቀኝ ታየ።

ሀዋሳ

የባጃጁ ሾፌር ብሩክ የሚኖርበት አዲስ ከተማ ሰፈር ለመድረስ ሁለት መቶ ብር አለኝ።

«ሐይቁንም አብረህ ልትሸጥልኝ ነው?»

«ሐይቁ ከተጨመረ አያዋጣኝም እማማ» አለና በመቶ ሃያ ወሰደኝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ፣ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ስናልፍ ነጠላዬን ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ ለበስሁ። ልጁ በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ዘጋው።

የብሩክን በር አላንኳኳሁም። መንገዱ መሐል ቆሜ ደረቴን እየደቃሁ ያዘጋጀሁትን አወረድሁት፦

«ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ የላትም ያልኸኝ፣
አፈሩ ነው ለካስ ልጄን ያፈነብኝ።»

የየአጥሩ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። በመጀመሪያ የደረሰችው አየለች የምትባል ጎረቤቱ ነች፤ ጠና ያለች የሲዳማ ሴት፣ እጇ የቡላ ዱቄት እንደነካ። «የሰብለ እናት ነዎት?» አለችኝ። አዎ ስላት በወገቤ ያዘችኝና እሷም ማልቀስ ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሉ። አንዱ አግዳሚ ወንበር አወጣ፤ ሌላው ከአጥር አጥር ሸራ ወጠረ። ማንም አላዘዛቸውም።

እኔ ወደ ብሩክ ቤት እንዲያዩ ነበር ያሰብሁት። እነሱ እኔን ነበር የሚያዩት።

ብሩክን በስልክ ጠርተውት ከትምህርት ቤት መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ሙሾዬን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ፊቱን እያየሁ አልሁት። አንገቱን አልደፋም። ዛሬ እንደተረዳ ሰው ጮኸና በጉልበቱ ወደቀ። ሁለት ጎልማሶች በብብቱ ያዙት። የመጣሁበትን አገኘሁ። ደስ አላለኝም።

አየለች ከጎኔ ተቀመጠች። «እኔ ጴንጤ ነኝ እናቴ፤ ሙሾ አላወርድም። ማልቀስ ግን ማን ይከለክለኛል» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱ አልቅሶ አያውቅም። ያኔ ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ከበር ይመልሰናል። ‹እናቴ ሳትረዳ አላለቅስም፤ ወሬው ይደርሳታል› ይለናል። እሁድ ግን በግድግዳው በኩል ሲስቅ እንሰማው ነበር። ከእርስዎ ጋር ሲያወራ» አለችኝ።

«ከተረዳሁ በኋላስ?» አልኋት።

«ከተረዱ በኋላ ከማን ጋር ያልቅስ? እርስዎ በር ዘጉ ተባለ።»

ይህን ስትል አልሸሸገችም፤ አልተቆጣችም።

ጣሳው

ሰው ከተበተነ በኋላ ቤት ገባን። ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። የላክሁት ጣሳ ከላዩ ተቀምጧል፤ አፉ በነጩ ጨርቅ፣ እኔ በቋጠርሁት ቋጠሮ እንደታሰረ።

«ጣፍጧታል ያልኸኝ ይህንን ነው?»

«ምን ልበልሽ እማዬ? መርዶ በስልክ ይነገራል?»

«አይነገርም። ሰው አይላክም?»

«ዕድራችሁን ለመንኋቸው። ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል፣ ብቻዋን ደግሞ አናረዳትም፣ መንገድ ይከፈት አሉኝ። አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ ድምፅዋን ትጠይቂኛለሽ።»

«ስለዚህ ሳቅህልኝ።»

«ሳቅሁልሽ።»

እንዲህ መዋሸትን ያስተማርሁት እኔ ነኝ የሚል ሰው ይኖራል። አላስተማርሁትም። ግን መርዶ በስልክ አይነገርም ያልሁት እውነት ነው፤ ቢነግረኝ ኖሮ ደግሞ ያንን አልረሳለትም ነበር። ይህን ለእሱ አልነገርሁትም። ራት በላን፤ ከልጄ ጋር ከበላሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

በማግስቱ መቃብሯ ዘንድ ወሰደኝ። ሲሚንቶ ነው፤ ስሟ በቀለም ተጽፎ ቀለሙ በየዓመቱ ታድሷል። በግራ ዓይኔ ደብዝዞ፣ በቀኝ ዓይኔ ደኅና አድርጌ አነበብሁት። ብሩክ እጄን ያዘኝ። አላስለቀቅሁትም።

ወደ ቤት

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ጣሳውን ስይዝ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከመስኮቱ ሥር ሲቆም ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሁሉ መሸበቱን አየሁ። ደጄ ሁለት ጊዜ ሲመጣ በበሩ ቀዳዳ አይቼው ነበር፤ ያኔ ጥቁር ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይኸው ነው፤ ለቅሶ ቢዘገይም ይጠብቃል፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ያረጃል። የሽበቱን ዓመታት ማንም አይመልስልኝም።

ደብረ ብርሃን በገባሁ ማግስት የነቀዘውን በሶ ለዶሮዎች ሰጠሁ። ጣሳውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ገብስ ቆልቼ አስፈጨሁ፤ ሞላሁበት፤ አፉን በዚያው ጨርቅ አስሬ ለብሩክ ላክሁለት። ጥቁሬን አላወለቅሁም። እሁድ ደወለ፤ አነሳሁ።

«ጣፍጦኛል» አለኝ።