የሲንቄ ሰላጣና አምስት እፍኝ ጨው

አምቦ ገበያ ውስጥ ሲንቄን የማያውቅ ቢኖር ሰላጣ በልቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከጉደር መስኖ የሚመጣላትን ሰላጣና ቆስጣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ በየሰዓቱ ውሃ እየረጨች ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሞላት። አፏ ስለታም ነው፤ ቅጠል እያሻሸ የሚመርጥ ገዢ «የራስህን ጆሮ እንዲህ ታሻለህ?» ይባላል። ማንም ግን አይቀየማትም፤ እሷ ዘንድ የጠወለገ ነገር የለማ።

ባለፈው ዓመት የወንድሟ ልጅ መቲ ስታገባ የሰላጣው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ጥያቄም አልነበረም። ከጊንጪ ሰማንያ የሙሽራው ወገኖች ይመጣሉ ተብሏል። ሲንቄ እውነቱን ለመናገር ለሙሽራዋ የተጨነቀችውን ያህል ለስሟም ተጨንቃለች። ጠዋት ሰላጣውን በትልቁ ሳፋ ዘፈዘፈች፤ ጀርሙን እንዲገድልላትም እንደ ልማዷ አንድ እፍኝ ጨው በትና ካሮቷን ልትልጥ ሄደች።

ጣጣው የመጣው ከሴቶቹ ንጽሕና ነው። ለሥራ የመጣችው ሁሉ በሳፋው አጠገብ ስታልፍ፣ ጥሬ ቅጠል ያለ ጨው የተዘፈዘፈ እየመሰላት ዝም ብላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እንዲህ እያሉ አራት ሴቶች አለፉ። አምስት ሰዓት ላይ ሲንቄ ክዳኑን ብታነሣ ሰላጣው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቷል።

ማነው ጨው የጨመረበት ብላ ጮኸች። ሌሎቹ ሽንኩርታቸው ላይ አቀረቀሩ። እታገኝ ብቻ፣ ለቤቱ አዲስ የሆነችው የወንድሟ ምራት፣ እጇን እየጠራረገች እኔ ጨምሬያለሁ አለች። ሲንቄ የራሷን እፍኝ አልረሳችም። ግን ያን ሁሉ ጮኻ እንዴት ትናገር? ወደ ሳፋው ዞረች፤ መደበቋም ራሷን አሳፈራት።

ወንበር ተሸክሞ የገባው ጎረቤቷ አብዱልከሪም የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። አንድ ቅጠል አንሥቶ አየና ሳቀ።

«አልሞተም አዴ ሲንቄ፣ ተጠምቶ ነው» አላት።

ጨዋማው ውሃ ከቅጠሉ ህዋሳት ውስጥ ውሃቸውን ስቦ እንዳወጣው፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ግን መልሶ እንደሚጠጣ ነገራት። ሲንቄ አልተዋጠላትም፤ ብዙ ጠጥቶ ቢፈነዳስ ስትል ጠየቀች። አብዱልከሪም ወንበሩን አስቀመጠ። የደም ህዋስ ቢሆን ልክ ነዎት አለ፤ ስስ ሽፋን ብቻ ስላለው ባዶ ውሃ ውስጥ አብጦ ይፈነዳል፣ ጨው በበዛበት ውስጥም ይጨማደዳል። ለሕመምተኛ በደም ሥር ባዶ ውሃ የማይሰጠውም ለዚህ ነው።

«ቅጠል ግን ከሽፋኑ ውጪ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ውሃ ሲሞላ ግድግዳውን ይገፋል፤ ያኔ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው።»

ሲንቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ስትረጭ ምን ስትሠራ እንደኖረች ገባትና ደስ አላት። የጨው ውሃውን ደፍታ ሰላጣውን አለቀለቀች፤ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋም አጠገቡ ቁጭ አለች። እፍኝ ጨው ጨብጣ የመጣችውን የወንድሟን ሚስት እንኳ ከሩቅ መለሰቻት። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ቅጠሉ ቀና ቀና ማለት ጀመረ። ከሥር የነበረው አልተነሣም፤ እሱ ለበጎች ሆነ።

እንግዶቹ መጡ። የሙሽራው አጎት ኦቦ ሌንጂሳ ሰላጣውን ቀርጨም እያደረጉ ማን እንደሠራው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ሲንቄ ጠቆመ። ከሴቶቹ አንዷም ለቀልድ ብላ፣ እታገኝ በጨው ልትፈጀው ነበር እኮ አለች። ሰው ሳቀ። እታገኝ ትሪ እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ሲንቄን ያን ጊዜ አንጀቷን በላት፤ ተነሥታ ቆመች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለች። «የመጀመሪያው እፍኝ የእኔ ነው። ስጠይቅ ያመነችው እሷ ብቻ ናት።»

ቀልደኛዋ ሴት ጉሮሮዋን ጠርጋ እኔም አንድ ጨምሬያለሁ አለች። ከጓዳ በኩል ሌላ «እኔም» ተሰማ፣ ቀጥሎም አንድ። ኦቦ ሌንጂሳ የእነዚህ ሴቶች ንጽሕና ይገድለናል ብለው ሲስቁ ሰማንያው የጊንጪ ሰው ተከተላቸው። ሲንቄ ትሪውን ተቀብላ እታገኝን አጠገቧ አስቀመጠቻትና በደንብ የቆመውን ቅጠል ጠቅልላ አጎረሰቻት። እታገኝ እየሳቀች፣ ዓይኗንም እየጠረገች አኘከችው።