የብቸኞቹ ዝርዝር

አማካሪዬ የናቀውን ቃል አንዴ ሰርዞ አያልፍም፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በእስክሪብቶ ይመላለስበታል። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ሐሳብ ይዤ ኮተቤ ወዳለው ቢሮው የገባሁ ዕለት «ብቸኝነት» የሚለውን ቃል እንዲህ አደረገው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አረጋውያን ላይ የሚታየውን ብቸኝነት ላጠና ነበር።»

«የት ነው የሚታየው? እስቲ አሳዪኝ።» መስኮቱን በአገጩ ጠቆመኝ፣ ብቸኝነት ግቢው ውስጥ የቆመ ይመስል። «የማይቆጠር ነገር አይጠናም። መጀመሪያ የሚቆጠር አድርጊው።»

ነገሩ በመሠረቱ ትክክል ነው፣ አልክደውም። ብቸኝነት፣ ተስፋ፣ ፍርሃት በእጅ አይዳሰሱም። ሊያጠናቸው የፈለገ ሰው በምን ምልክት እንደሚያውቃቸው አስቀድሞ ወስኖ መጻፍ አለበት። እኔም ከአንዳንድ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ካወራሁ በኋላ የበኩሌን ጽፌ ነበር፤ ብቸኝነት ማለት ሰው የሚፈልገውን ቅርበት ሲያጣ የሚሰማው ጉድለት ነው ብዬ። «የሚፈልገውን» ሰረዘ። «የሚሰማው» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ። ከዚያ በራሱ እጅ ከታች እንዲህ ጻፈልኝ፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ተጠያቂውን ከአሥር ደቂቃ በላይ ያነጋገሩ ሰዎች ቁጥር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብቸኝነቱ ይበዛል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሳስታውሰው አፍርበታለሁ። ያን ዕለት ግን ኮርቼበት ነው የወጣሁት። ታክሲ ውስጥ ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩት። ሳይንስ የሚባለው ነገር በመጨረሻ እጄ የገባ መሰለኝ።

ቅጹን ይዤ ወሰን ከሚባለው ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጣው መንደር ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። በየበሩ መጀመሪያ የማነበው አንድ አንቀጽ ነበረኝ። «ስምዎ ለማንም አይሰጥም» ይላል።

አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ዘንድ ደረስኩ። አካባቢው ከተማ ከመሆኑ በፊት እሳቸውና ባላቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ አሁን መሬቱ ሄዶ የቀረችው ግቢ በልጆቻቸው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ታጭቃለች። ጥያቄውን ሳነብላቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ይመልሱልኝ ጀመር። ስለ ውኃ ሊጣሉ የመጡ ተከራዮች። ግቢውን ይሽጡ እያለ የሚመላለስ ደላላ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው የሚጸልዩላቸው ሰዎች። መብራት ቆጣሪ ያነበበው ሰውዬ።

«እሱም አሥር ደቂቃ አውርቶዎታል?»

«ኧረ በላይ! ቆጣሪው አልታይ ብሎት ብዙ ቆመ።»

ጻፍኩት። ድምሩ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከቅጹ ጫፍ «ብቸኛ አይደሉም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እናትዬው ይህን ሁሉ ጊዜ የሹራቤን እጅጌ ይዘው ነበር።

«ጨረስሽ እንዴ? ትንሽ ቁጭ በይ እንጂ፣ ልጄ።»

«ሌላ ቤት ይጠብቀኛል፣ እማማ።»

«ሌላ ጥያቄስ የለሽም?»

የለኝም አልኳቸው። እስከ በሩ ሸኙኝ፤ መታጠፊያው ጋ ዞር ስል እንደቆሙ ነበሩ። እኔ ግን አንድ ቅጽ በመሙላቴ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር።

ከሁለት ቤት በኋላ ያገኘኋቸው ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየው ወሰን ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበይዱ ኖረው ጆሯቸው ደክሟል። ሚስታቸው ሰው ያለውን ሁሉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ ከራሳቸውም ጨምረው ይነግሯቸዋል። ስገባ ስለ አንድ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሠርግ ይከራከሩ ነበር፤ ሙሽራው ወድቋል አልወደቀም ብለው።

«በዚህ ሳምንት ከአሥር ደቂቃ በላይ ያነጋገረዎት ሰው አለ?» አልኳቸው።

ሚስትየው አስተላለፉ። ሰውየው በአገጫቸው ወደ እሳቸው አመለከቱ። «ይቺው ናት።»

«ሌላስ?»

«ይቺ መቼ ፋታ ትሰጥና!» ሁለቱም ሳቁ፤ ሚስትየው ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው። የሚስትየውም መልስ ያው ነበር፤ አንድ ሰው፣ ባላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር አገኙ። በአማካሪዬ ትርጉም መሠረት በመንደሩ ከነሱ የባሰ ብቸኛ አልተገኘም።

ያኔ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ቅጾቹን ይዤ ወደ ቢሮው ተመለስኩ፤ የእናትዬውን እጅና የባልና ሚስቱን ሳቅ ነገርኩት።

«ሳቅ የሚጻፍበት ሳጥን ቅጹ ላይ አለ?» አለኝ።

«የለም። ግን የምንለካው ብቸኝነትን ሳይሆን የእንግዳን ብዛት መሰለኝ።»

«አንቺ ተመራማሪ ነሽ ወይስ ጎረቤት? ትርጉሙን አንዴ ሰጥተናል። ብቸኝነት ማለት እሱ ነው። ቁጥሩን ተንትኚ።»

ይህ ሰው ከቢሮው ሁለት በር ብቻ አልፎ የሚሠራ ባልደረባውን ስም የማያውቅ ሰው ነው። ሰላም የሚለው ደረጃቸው ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ስለ ሰው ልጅ ቅርበት ግን የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እሱን ለመናቅ ድፍረት አልነበረኝም፤ አሁን ሳየው ከሁለታችን ይበልጥ የሚናቀው የእኔ እሺታ ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። ወዳጁ የሆነ ሰው የሚመራው አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ብቸኛ አረጋውያንን ሊያዝናና ፈልጓል፤ አማካሪዬ የብቸኞቹን ዝርዝር ላኪ አለኝ። በየበሩ ያነበብኩት ቃል ትዝ ብሎኛል፣ አልረሳሁትም። «ለበጎ ነገር ነው» አለኝ፤ እኔም ለራሴ ያንኑ ደግሜ ስማቸውን ከነቤታቸው ላክሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ እንጦጦ ፓርክ ወሰዷቸው፤ እኔም አስተናጋጅ ተብዬ ሄድኩ። ለሁሉም አረንጓዴ ኮፍያ ታደለ፤ በፊት ለፊቱ «ብቸኝነት ይብቃን!» ይላል። ፎቶ ተነሡ። ከዚያ አዲስ ወዳጅ እንዲያፈሩ ተብሎ ወንዶቹ ወደ አንድ ወገን፣ ሴቶቹ ወደ ሌላ ወገን እንዲቀመጡ ተደረገ። ሰውየውን ከሚስታቸው ለይተው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የማያውቋቸው ሦስት ሽማግሌዎች መሐል አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹ ያወሯቸዋል፤ እሳቸው አይሰሙም። መጀመሪያ ፈገግ ይሉ ነበር። ቆይተው ፈገግታውንም ተዉት፤ ኮፍያው እስከ ቅንድባቸው ወርዶ በዛፎቹ መሐል ሚስታቸውን በዓይናቸው መፈለግ ጀመሩ።

አማካሪዬም መጥቶ ነበር፤ ማይክ ይዞ፣ «ዛሬ እያንዳንዳችሁ ቢያንስ ከሦስት ሰው ጋር አውርታችኋል!» ይላል። ያጨበጨቡለት አሉ።

ሚስትየው ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ብቸኞች ናቸው ብለሽ የጻፍሽን አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አብሬው አርባ ዓመት ኖሬ እሱ ብቸኛ ከሆነ እኔ ምኑ ነኝ? ሰው አይደለሁም? ስማችሁ አይወጣም ብለሽ ደጄ ላይ አንብበሽልኝ የለም ወይ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ...»

«አፈርኩብሽ» አሉኝ፣ ጮክ ሳይሉ። ሄደው የባላቸውን ክንድ ያዙ፣ ኮፍያውን ከሰውየው ራስ አውልቀው ወንበሩ ላይ ተዉትና አውቶቡሱን ሳይጠብቁ ተደጋግፈው ቁልቁል ወረዱ። ቆሜ አየኋቸው። ተከትዬ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

በማግስቱ ያለ ቅጽ ወደ መጀመሪያዋ እናት ሄድኩ። እሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ማንም ፓርክ አልወሰዳቸውም። «እማማ፣ ብቸኝነት ይሰማዎታል?» አልኳቸው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን። የተከራዮቹን መጸዳጃ ቤት በእጃቸው አሳይተው፣ እዚያ ጋ አውድማችን ነበር አሉኝ። ከባላቸው ጋር በኦሮምኛ ያወሩት የነበረውን፣ የትኛው በሬ እንዴት እንዳስቸገረ፣ የትኛው ዓመት ገብሱ እንዴት እንደያዘ፣ አሁን የሚያስታውስ ሰው በዙሪያቸው የለም። ልጆቻቸው እሳቸው በኦሮምኛ ሲያወሯቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ ደግሞም ይቸኩላሉ። ከእናቴ በቀረችኝ በተሰባበረች ኦሮምኛ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው። ያበላሸሁትን ቃል ሁሉ እያረሙ፣ እየሳቁ አስመሹኝ።

ጥናቴን ለፈታኞቹ ሳቀርብ ትርጉሙ ስሕተት እንደሆነ፣ ዝርዝሩንም ቃሌን አጥፌ እንደሰጠሁ ተናገርኩ። አማካሪዬ ጣሪያውን ያይ ነበር። «ተማሪዋ ስሜታዊ ሆናለች» አለ። አለፍኩ፣ በዝቅተኛ ውጤት። እሱ ዛሬም ስለ መለኪያ ሥልጠና ይሰጣል፤ የእንጦጦውንም ፎቶ እንደ ስኬት እንደሚያሳይ ሰምቻለሁ። ይስጥ። ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮው አልሄድኩም።

ባልና ሚስቱ ቤት ግን ሄጃለሁ። በሩን የከፈቱት ሚስትየው ናቸው። ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» አሉ፤ ግቢ አላሉኝም። ከኋላቸው ሰውየው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምን እንደተባባልን አልሰሙም፤ ማን እንደሆንኩም የለዩኝ አልመሰለኝም። እንግዳ መጣ ብለው ብቻ፣ ግቢ፣ ግቢ እያሉ በእጃቸው ይጠሩኝ ነበር። ሚስትየው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።