ወተት አቀዝቃዡ ኤልዉድና የሚግለው ሳጥን

ኤልዉድ ክራንዴል ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ወተት ሲያቀዘቅዝ ኖረ። በዊስኮንሲን ገጠር የሚያልብ ገበሬ ሁሉ ወተቱን የሚያኖርበት ትልቅ የብረት ጋን አለው፤ የጋኑ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ የቀኑ ወተት ይደፋል። ያን ጊዜ የሚጠራው ኤልዉድ ነበር። በበረዶም በጭቃም ይደርሳል፣ ጋኑ ሥር ይተኛል፣ ያንኳኳል፣ ይሳደባል፣ ይጠግናል። «ለወተት አርፍጄ አላውቅም፤ ለሰው ግን…» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሲጨርሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ብርድ በቃኝ አለ። አሁን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አሪዞና በረሃ ላይ በተጎታች ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ እኔም ትንሽ ራቅ ብዬ በራሴው ውስጥ። ሜዳው ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰሜን የሚሸሽ ሽማግሌና አሮጊት የሚሰፍርበት ነው። የመብራት ምሰሶ የለም፣ ቧንቧ የለም፤ ጠጠር፣ ቁጥቋጦና ብዙ ሰማይ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስመጣ ይህ ሁለተኛው ክረምቴ ነበር። የኤልዉድ ሚስት አርዲስም ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። ስለ እነሱ አናወራም። ስለ አይጥ እናወራለን።

እዚህ ሜዳ ላይ ጠብ የማያስነሳ ወሬ እሱ ብቻ ነው። የበረሃ አይጥ ሽቦ ይበላል፣ ፍራሽ ይበላል፣ አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የማርቭን የጥርስ ብሩሽ በልቷል። ስለዚህ ቀዳዳ ሁሉ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ይጠቀጠቃል። በየጓዳው ደግሞ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመረው፣ ሽቶ የጠጣው ስስ ጨርቅ ይቀመጣል። አይጥ ሽታውን ይጠላል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን የመረመረ የለም፤ ሁሉም ያደርገዋል። እኔ ላቬንደር የሚባለው አበባ ሽታ ያለውን ነው የምገዛው።

ኤልዉድ እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ይቋረጣል። ስለዚህ አፍንጫው ላይ ጭምብል አድርጎ፣ አየር በምትነፋለት ትንሽ ማሽን ነው የሚተኛው። ማሽኗ የምትሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪዎቹን የሚሞላው ደግሞ ጄኔሬተር። ታዲያ እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ጄኔሬተር ማስነሳት ክልክል ነው። በቀንም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ያንባረቀ ሰው ሰላምታ ይነፈጋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባትሪ የሚያጠግብ ኃይለኛ ቻርጀር ያስፈልጋል ማለት ነው። ኤልዉድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከትልልቅ ኮምፒውተሮች የወጣ፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባል ኤሌክትሪክ መጋቢ ሳጥን አገኘ፤ ጡብ የሚያክል፣ የራሱ ትንሽ ማራገቢያ ያለው። ከፈተው፣ አንድ ሁለት ነገር ነካካ፣ ቮልቱን ለባትሪ እንዲስማማ አደረገ፣ ከአልጋው ሥር ባለችው የዕቃ ጓዳ ውስጥ ከባትሪዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። ኅዳርን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ።

ታኅሣሥ ላይ አመል አወጣ። ኤልዉድ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፣ ሳጥኑ ባትሪዎቹን መሙላት ይጀምራል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይግላል፣ ቀይ መብራት ያበራና ጸጥ ይላል። እስኪበርድ ሃያ ደቂቃ። ባትሪው ሳይጠግብ ይመሻል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ማሽኗ ሳይነጋ ጠፍታበት፣ ጠዋት ራሱን ይዞ፣ ዓይኑ አብጦ ወጣ።

ይህን ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ቢተወው ጥሩ ነበር። ለልጁም በስልክ እንደ ቀልድ ነገራት። ጃኔልን አላሳቃትም።

«አባዬ፣ ሐሙስ እመጣለሁ፤ እስከ እሑድ እቆያለሁ» አለችው። «እኔ እዚያ እያለሁ ማሽኗ አንድ ጊዜ ከጠፋች አብረኸኝ ነው የምትመለሰው። ቤቴ ውስጥ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ።»

ይህን ሲነግረኝ የተጎታች ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ክፍሉ መስኮት አለው?» አልኩት።

«አለው። የመኪና ጎማ ያሳያል።»

ሰኞ ነበር። ሦስት ቀን ነበረው።

ዕድሜውን ሙሉ ያቀዘቀዘ ሰው አንድ ጡብ አያቅተውም ብዬ ነበር። የድሮውን የወተት ቴርሞሜትር አወጣ፤ ሌላ የለውም፣ ሌላም አያምንም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የጓዳዋን በር በመሰርሰሪያ እየበሳ ወንፊት አስመሰላት። ሩብ ሰዓት፤ ቀይ መብራት። ማክሰኞ ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ነቅሎ፣ ሙቁን አየር ስቦ እንዲያወጣለት ሳጥኑ አፍ ላይ አሰረው። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ባሰበት።

ከወዲያ በኩል የሰፈረው ማርቭ ኦፕዳል፣ ጣሪያው በሙሉ በሶላር የተሸፈነ ሰው፣ ወንበሩን ወደዚህ አዙሮ እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የሚያየው።

«ኤልዉድ! ወተቱ ፈላብህ እኮ!»

«ዞር በል ወዲያ። መላጣህ ያንጸባርቅብኛል፤ ለሙቀቱም ሳያግዝ አልቀረም።»

«ምክር ልስጥህ? እርጥብ ካልሲ አልብሰው። እኔ የመጠጥ ውሃዬን እንደዚያ ነው የማቀዘቅዘው።»

«ኤሌክትሪክ ላይ እርጥብ ካልሲ! ማርቭ፣ ልትገድለኝ ከፈለግህ ዱላ ይዘህ ና፤ እንደ ወንድ።»

ረቡዕ ከተጣለ መኪና የራዲያተር ማራገቢያ አመጣ። ሲነሳ የኔን የተሰጣ ፎጣ አወዛወዘው። ኤልዉድ ሰዓቱን ይዞ ቆመ።

«ስምንት ደቂቃ» አለ በመጨረሻ። «ማራገቢያውን ባበረታሁት ቁጥር ይብሳል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወተት እንዲህ አያደርግም።»

የባቄላ ሾርባ አምጥቼለት ነበር። አልነካውም።

«ምናልባት ጃኔል ልክ ናት» አለኝ።

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አልኩት።

«እሱስ ይቀዘቅዛል» አለ።

ጃኔል ሐሙስ በምሳ ሰዓት በተከራየችው መኪና ደረሰች። እንደ አባቷ ረጅም ናት፤ ሦስት የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ወንዶች ልጆች አሳድጋለች። ሲያኝኩት ጥርስ ላይ የሚንጫጫውን የአገራቸውን አይብ አመጣችለት፤ አቀፈችው፤ ከዚያ ወዲያው «አሳየኝ» አለችው።

ኤልዉድ ጄኔሬተሩን አስነሳ። እሷ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ። አምስት ደቂቃ ያህል ሳጥኑን አየን። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«እዚህ ቤት ልብስ የሚያደርቅ አለ?»

«ማን? በምን?» አለ ኤልዉድ።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሸተው? ላቬንደር ነው። የጋለ ላቬንደር። አባዬ፣ አይሸትህም?»

«የማቀዝቀዣው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ አፍንጫዬን ከበላው ሃያ ዓመት አለፈው። ሽንት ቤቱ ሲሞላ እንኳ የምትነግረኝ ይቺ ኮራ ናት» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

እኔ ግን ሸቶኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ኤልዉድ ሸሚዙን ማጠብ ጀመረ ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ትዝ አለኝ። ታኅሣሥ ሲገባ፣ ውሃ ሊቀዳ ወደ ከተማ በሄደበት፣ ያቺን ጓዳ ከፍቼ ሁለት ጨርቅ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብነግረው «አልፈልግም» ይላል ብዬ አልነገርኩትም። አንዱን ባትሪዎቹ ላይ፣ ሌላውን ከሳጥኑ ጀርባ።

«ኤልዉድ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

ጃኔል ግን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በስልኳ መብራት እያየች እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ነበር። ሳጥኑ አየር የሚስብበት ወንፊት በግድግዳው በኩል ነው። ከዚያ ላይ አንድ ነገር እንደ ቆዳ ላጠችና አወጣች። ጨርቁ ቡናማ ሆኗል፤ የወንፊቱ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ታትመውበታል። ሳጥኑ ወዲያው ድምፁን ለወጠ፤ ታፍኖ ቆይቶ የተለቀቀ ሰው ይመስል ነበር።

ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ሳጥኑ ሲጠፋ ጨርቁ ይወድቃል፣ ሲነሳ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ አየሩን ይዘጋል። ማራገቢያው በበረታ ቁጥር አጥብቆ ይለጠፋል።

«ጨርቁን እኮ አይቼዋለሁ» አለ ኤልዉድ። «ሰኞም ማክሰኞም ወድቆ አይቼዋለሁ። ግን እነዚህን ጨርቆች እዚህ ማን ያያቸዋል? በየጓዳው አሉ። የጓዳው አካል ናቸው።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። «አንድም አይጥ አልገባም» አለ። «ፍትሐዊ እንሁን፤ አንድም አልገባም!»

ጃኔል አልሳቀችም። ጨርቁን እንደ ታጠበ ልብስ ለአራት አጠፈችው። ስለ ሽታው ዝም ብትል ኖሮ እሑድ አባቷን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ይህን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። ኤልዉድም ያየው ይመስለኛል፤ ሳቁን ቶሎ አቆመ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ያን ቀን ሳጥኑ አርባ ደቂቃ ሠርቶ እንደገና ቀይ መብራቱን አበራ። ማሽኗም እስከ ንጋት የቆየችው ለጥቂት ነው፤ የባትሪውን ንባብ ያየነው ጠዋት ነበር፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚያቆይ አልነበረም። «ይህ አይቆጠርልህም» አለችው ጃኔል። «ዛሬ አርብ ነው። እስከ እሑድ ሁለት ሌሊት ቀርቷል።»

ኤልዉድ ጓዳዋ ፊት ለፊት ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ቴርሞሜትሩን አንዴ ሳጥኑ አፍ ላይ፣ አንዴ ጀርባው ላይ ያደርጋል። ሁለቱም ቦታ እኩል ያነባል።

«የተፋውን መልሶ ነው የሚጠጣው» አለ። «ጓዳዋ ጠባብ ናት። ሙቁ ወጥቶ ይዞርና ከጀርባ ይገባል። እኔ ደግሞ ማራገቢያ እጨምራለሁ፤ ያንኑ ሙቅ አየር ማማሰል! ሞኝ ነኝ። በወተት ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ቀዝቃዛው በታች ይግባ፣ ሙቁ በላይ ይውጣ፣ ሁለቱ አይተዋወቁ።»

እኔ የመጋገሪያ ትሪዬን ሰጠሁት፤ ከጥፋቴ አንጻር ትንሽ ካሳ ነው። በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠውና በሳጥኑ ጀርባና በአፉ መካከል ግድግዳ አቆመበት። ወለሉን በሳው፤ ከተጎታች ቤቱ ሥር፣ ከጥላው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር እንዲገባ፤ በአይጥ ምክንያት ቀዳዳውን ጥቅጥቅ ባለ የሽቦ ወንፊት ከደነው። የራዲያተሩን ማራገቢያ ጣለና ትንሹን ከበሩ ቀዳዳዎች ጋር አያይዞ ወደ ውጭ እንዲነፋ አደረገ። ጃኔል መብራት ያዘችለት።

«እጄ ላይ አብሪ፣ ፊቴ ላይ አይደለም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ነው የምትለኝ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ ነዋ የምታበሪው።»

«ፊትህ ይሻላል ብዬ ነው። እጅህ አርጅቷል።»

«ፊቴስ?»

«ፊትህ ድሮም እንዲሁ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ማርቭ ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወደኛ መጣ።

«ቀዩ መብራት ምነው ቀረ? ለምጄው ነበር እኮ። መድኃኒቴን የምውጠው በሱ ሰዓት ነው።»

«ካልሲህን አውልቅና እኛ ጋ ተቀመጥ» አለው ኤልዉድ፤ ዓይኑን ግን ከቴርሞሜትሩ አላነሳም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳጥኑ አልጠፋም። ባትሪዎቹ ጠገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ያለ ምክንያት ውጭ ቆሜ ነበር። ጃኔል የአባቷን ካፖርት ደርባ ወጣች።

«እስከ ንጋት ሠራች» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ተነስቼ አየኋት። ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነው።»

«እሰይ።»

«እሰይ» አለች እሷም። ደስ ይበላት ይክፋት መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም አንድ ፊት ላይ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ካፖርቱን ሰብሰብ አድርጋ «ክፍሉን ቀለም ቀብቼው ነበር» አለች።

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ወተት ዓይነት።»

አጠገቧ ቆምኩ። ውሃ ጣድኩ፤ ሻይ ጠጣን።

እሑድም ማሽኗ አልጠፋችም። ጃኔል ሻንጣዋን መኪና ላይ ጭና ቁልፉን እንደያዘች ከአባቷ ጋር ድርድር ያዘች።

«ሚያዝያ አንድ ላይ ቤት ትገባለህ።»

«ሜዳው የሚዘጋው በአሥራ አምስት ነው።»

«ሚያዝያ አንድ። በየማታው ደግሞ ትደውላለህ።»

«በየሁለት ማታው።»

«በየማታው፣ አባዬ።»

«ሚያዝያ አሥር፤ በየማታው።»

ትንሽ አሰበች። «ይሁን» አለችው። አገጩን በመዳፏ ይዛ ሳመችውና ሄደች። አቧራው እስኪረግብ እዚያው ቆምን።

ኤልዉድ ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘ። ባልዲውን አነሳ፣ መቀሱን ጠረገ፣ የተረፈውን ቆርቆሮ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው። ስልኩን ከሱሪው ኪስ አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ኮራ፣ በየማታው ነው አይደል የተባባልነው?»

«አዎ።»

«አሁን ብደውል…»

ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። ገና ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር።

«እየነዳች ነው፣ ኤልዉድ» አልኩት።

«እሱስ ነው» አለና ተቀመጠ።